የአሸንዳ ቱቦዬን አውልቄ የዝናብ ሰንሰለት ልሰቅል ነው፤ የሞከራችሁ ምከሩኝ

ጠብታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በመግቢያው በር ጥግ ያለው የአሸንዳ ቱቦ ስፌቱ ላይ ተሰንጥቋል። ሁለቴ በሲሊኮን ደፈንኩት፣ ሁለቴም ለቀቀ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ከስንጥቁ የሚወጣው ውሃ ግድግዳውን እየመታ ቀለሙን ልጦታል። ልቀይረው ስነሳ ታዲያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ለምን ቱቦውን ጭራሽ አውልቄ የዝናብ ሰንሰለት አልሰቅልም?

ላላያችሁት፣ ከአሸንዳው ቀዳዳ እስከ መሬት የሚንጠለጠል ሰንሰለት ነው። ውሃው ቱቦ ውስጥ ተደብቆ ከመውረድ ይልቅ ሰንሰለቱን ተከትሎ ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል። ፎቶ ላይ ካየሁት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። በየቀኑ የምንገባበትና የምንወጣበት በር ስለሆነ ቆንጆ ነገር ቢኖርበት ደስ ይለኛል።

ሁኔታው ይኼን ይመስላል። አሸንዳው አልሙኒየም ነው። ከቀዳዳው እስከ መሬት 2.7 ሜትር። ወደዚያ ጥግ የሚፈሰው የጣሪያው ግማሽ ነው፣ 6 ሜትር በ4 ሜትር ያዙት። ታች ሲሚንቶ የለም፣ አፈርና ትንሽ ሣር ነው። ልቤ የወደደው የመዳቡን ሰንሰለት ነው።

አሁን ማወቅ የምፈልገው ኃይለኛ ዝናብ ይችላል ወይ? ግድግዳው ላይ አይረጭም ወይ? ንፋስስ? ሰቅላችሁ የተጸጸታችሁም ካላችሁ እንዳትደብቁኝ።

ቀለበት፦
ሰላም ጠብታ። እኔ ሰቅያለሁ፣ ሦስት የዝናብ ወቅት አልፎታል። አልተጸጸትኩም፣ ግን መጀመሪያ የገዛሁትን ቀይሬያለሁ። ለምን እንደቀየርኩ ልንገርሽ።

ሰንሰለቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ባለ ቀለበት ነው፣ ማለትም ቀለበት ከቀለበት የተያያዘ ተራ ሰንሰለት። ሌላው ባለ ኩባያ ነው። ታቻቸው የተበሱ ትንንሽ ኩባያዎች አንዱ ከአንዱ ሥር ይደረደራሉ፣ የላይኛው ወደ ታችኛው ያንቆረቁራል። እኔ የጀመርኩት በባለ ቀለበቱ ነው። ካፊያ ሲሆን እንደሱ የሚያምር ነገር የለም። ውሃው ብረቱ ላይ ተጣብቆ እንደ ክር ይወርዳል፣ እያንዳንዱ ቀለበት ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈልና ከታች ተገናኝቶ እንደገና አንድ ይሆናል። ወንበር አውጥቼ ያየሁበት ቀን አለ።

ዶፍ ሲመጣ ግን ነገሩ ተቀየረ። ውሃው ሲበዛ ብረቱን ይለቃል። በየቀለበቱ እየተመታ በአራቱም አቅጣጫ ይረጫል። የበሩ መስታወት እስከ ግማሽ ድረስ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ባለ ኩባያው የሄድኩት። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው ባልልም ብዙ ነው። ኩባያው ውሃውን በየ20 ሳንቲሙ እየሰበሰበ ወደ መሐል ይመልሰዋል። በር አጠገብ ከሆነ የምትሰቅይው ባለ ኩባያ ግዢ፣ በዚህ ጉዳይ አትከራከሪ።

ድምፁም ይለያያል። ባለ ቀለበቱ ሹክሹክታ ነው። ባለ ኩባያው እንደ ትንሽ ምንጭ ይንቆረቆራል። መኝታ ቤት መስኮት ሥር ከሆነ አስቢበት። እኔ እንቅልፍ ያመጣልኛል፣ ባለቤቴን ግን መጀመሪያ ሰሞን ያነቃት ነበር።

እርጥብ ግድግዳ፦
እኔ ደግሞ የተጸጸትኩት ነኝ። ስለዚህ በደንብ ስሚኝ እህቴ።

የሰቀለልን ባለሙያ ቱቦውን አወለቀ፣ ሰንሰለቱን አንጠለጠለ፣ ከታች የሚያምር ገንዳ አስቀምጦ ሄደ። ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። እኛም ደስ አለን፣ ፎቶ ተነሳን። ከሁለት ወር በኋላ ሳሎን ውስጥ፣ ልክ በዚያ ጥግ፣ ግድግዳው ከሥር መላጥ ጀመረ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ወጣበት። ሶፋውን ሳንቀሳቅስ ጀርባው ሻግቷል። ገንዳው ሞልቶ እየፈሰሰ ውሃው ሁሉ ወደ ቤቱ መሠረት ሲሄድ ከርሞ ነው። ቱቦው እኮ ከታች ክርን ነበረው፣ ውሃውን ወደ ውጭ ይወረውር ነበር። ሰንሰለት አይወረውርም። ቀጥ ብሎ ግድግዳሽ እግር ሥር ያፈስሰዋል።

የኔ ምክር አዲስ ቱቦ ግዢና ተገላገይ ነው። ጌጥ ከፈለግሽ ሌላ ቦታ ስቀይ።

ባለመሰላሉ፦
ልጄ ጠብታ፣ አሸንዳ ስሰቅልና ሳወርድ ነው የኖርኩት። ሰንሰለትም ብዙ ሰቅያለሁ። እርጥብ ግድግዳ የነገረሽ እውነት ነው፣ መፍትሔው ግን የግድ ቱቦ አይደለም። የሱ ሰንሰለት ጥፋት አልነበረበትም። ከሰንሰለቱ በታች ሊሠራ የሚገባው ሥራ ስላልተሠራ ነው።

በቁጥር እንነጋገር። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያሽ 6 በ4 ከሆነ 24 ካሬ ነው። (ስትለኪ የቆርቆሮውን ተዳፋት ሳይሆን ከላይ ሲታይ መሬት ላይ የሚሸፍነውን ለኪ።) ስለዚህ 1 ሚሊ ሲዘንብ 24 ሊትር ወደዚያ ጥግ ይመጣል። ኃይለኛ ዝናብ በሰዓት 60 ሚሊ ሊደርስ ይችላል፣ በደቂቃ 1 ሚሊ ማለት ነው። በየደቂቃው አንድ ባለ 20 ጀሪካን ከነትርፉ በሰንሰለቱ ላይ እየደፋሽ ነው ማለት ነው። ለጥቂት ደቂቃ ደግሞ የዚህ እጥፍ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ትልቅ ባለ ኩባያ ሰንሰለት 24 ሊትር በደቂቃ ያለ ብዙ ችግር ይሸከማል። እጥፍ ሲሆን ይረጫል። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ሰንሰለቱ ከግድግዳው ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው። የጣሪያሽ ጠርዝ ወጣ ያለ ከሆነና ሰንሰለቱ ከግድግዳው 50 ሳንቲም ያህል ከራቀ አትስጊ። 15 ሳንቲም ከሆነ ግን እኔ አልሰቅልልሽም። መጀመሪያ ይኼን ለኪና ንገሪኝ።

ጠብታ፦
እሺ ጋሼ፣ አሁን ወጥቼ ለካሁ። ከቀዳዳው መሐል እስከ ግድግዳው 55 ሳንቲም ነው። በሩ ደግሞ ከዚያ ጥግ 1 ሜትር ከ20 ይርቃል።

እርጥብ ግድግዳ፣ ስለነገርከኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። እውነቱን ለመናገር የታችኛውን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ሐሳቤ ድስት በሚያክል የድንጋይ ገንዳ ጠጠር ሞልቼ ላስቀምጥ ነበር። አሁን ፈራሁ። ጉድጓድ ቆፍሬ በጠጠር ብሞላውስ? 60 በ60፣ ጥልቀቱም 60 ሳንቲም?

እርጥብ ግድግዳ፦
ጉድጓዱን እኔም በኋላ አስቆፍሬ ነበር። ስሌቱን አብረን እንሥራው። 60 በ60 በ60 ማለት 216 ሊትር ነው። ግን ጠጠር ሞልተሽዋል። በጠጠሮቹ መሐል የሚቀረው ባዶ ቦታ ከጠቅላላው ሲሶ ቢሆን ነው፣ 70 ሊትር ገደማ። ጋሼ ባሉት ዝናብ በየደቂቃው 24 ሊትር ይገባበታል። በሦስት ደቂቃ ሞላ። ዝናቡ ግን ሦስት ደቂቃ ብቻ አይዘንብም።

አፈሩ ይመጠዋል ልትይ ትችያለሽ። አሸዋማ ከሆነ አዎ። ጭቃ የሚሆን ጥቁር አፈር ከሆነ ግን አንዴ ከጠገበ በኋላ ውሃው እዚያው ይተኛል። ያውም ቤትሽ ሥር።

ባለመሰላሉ፦
ጥሩ ስሌት ነው ወንድሜ። እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። ጉድጓዱ ማረፊያ እንጂ ማጠራቀሚያ መሆን የለበትም። ውሃው እዚያ ጉልበቱን ይጨርስና መንገዱን ይቀጥላል።

ጠብታ፣ እንዲህ አድርጊ። ከሰንሰለቱ ሥር ጉድጓዱን ቆፍሪ፣ የጠቀስሽው ልክ ይበቃል። ግን ቤት በኩል ያለውን ወገን ውሃ በማያሳልፍ ወፍራም ላስቲክ አልብሽው፣ ታቹንም ጭምር ወደ ውጭ ዘንበል አድርገሽ። ከዚያ ከጉድጓዱ ጎን፣ ከአፉ 20 ሳንቲም ያህል ዝቅ ብሎ፣ 10 ሳንቲም ስፋት ያለው ፕላስቲክ ቱቦ አስገቢ። ቱቦው መሬት ለመሬት ከቤቱ ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከተቻለ 5 ሜትር ርቆ ይሂድ። በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲም ዝቅ እያለ ይሂድ፣ በውሃ ልክ ፈትሺው። መጨረሻው ሣር ላይ ወይም ቦይ ውስጥ ይውጣ። የጎረቤት አጥር ሥር እንዳይሆን ብቻ፣ ያንቺን ችግር ለሌላ ሰው ማሳለፍ ነው።

ጉድጓዱን በጠጠር ከመሙላትሽ በፊት አፈር የማያሳልፍ ውሃ ግን የሚያሳልፍ ጨርቅ አንጥፊበት። ጂኦቴክስታይል ይሉታል። ያለሱ አፈሩ ቀስ እያለ ገብቶ ጠጠሩን ይደፍነዋል። ጠጠሩ ከታች ደቀቅ ያለ ይሁንና ከላይ ጡጫ የሚያክሉ ለስላሳ የወንዝ ድንጋዮች ደርድሪበት። ጠፍጣፋ ድንጋይ አታድርጊ። ውሃ ጠፍጣፋ ነገር ሲመታ ይነጥራል፣ ክብ ድንጋዮች መሐል ሲወድቅ ግን ይሰርጋል። እንዳይረጭ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋናው ይኼ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ሰንሰለቱን ብቻ ነው የሚያየው።

ጓሮዬ፦
ጠብታ፣ እኔ ጉድጓድ ሳይሆን በርሜል ነው ያደረግሁት። ሰንሰለቱ በርሜል ውስጥ ይገባል፣ ውሃውን ለአትክልት እጠቀምበታለሁ። ለማሰብ ያህል 24 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሲዘንብ 240 ሊትር ነው። አንድ ጥሩ ዝናብ አንድ በርሜል ይሞላል።

ሦስት ነገር ግን ልብ በይ። በርሜሉ አፉ ላይ ወባ ትንኝ የማያሳልፍ ወንፊት ይኑረው፣ ዳር ዳሩም ክፍት እንዳይኖረው። ትንኝ በሳምንት ከጥቂት ቀን ጊዜ ውስጥ ከእንቁላል ወደ በራሪ ይደርሳል፣ ረግቶ የቆየ ውሃ ለሱ ቤቱ ነው። ሁለተኛ፣ ሲሞላ የሚወጣበት ቱቦ ይኑረው፣ አለበለዚያ እርጥብ ግድግዳ ላይ የደረሰው ይደርስብሻል። ሦስተኛው ስለ መዳብ ነው። መዳብ ሲዝግ ትንሽ ትንሽ እየሟሟ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ለአትክልት ያን ያህል አያሰጋም፣ ዓሣ ያለበት ኩሬ ውስጥ ግን በፍጹም አታስገቢ። ዓሣና በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ ፍጥረታት ለመዳብ በጣም ስስ ናቸው። ከጣሪያ የወረደ ውሃ ደግሞ ሳይጣራና ሳይታከም ለመጠጥ አይሆንም፣ የአእዋፍ ኩስ አለበት።

ባለመሰላሉ፦
ጓሮዬ ስለ መዳብ ካነሳሽ አይቀር ዋናውን ልጨምር። ጠብታ፣ አሸንዳሽ አልሙኒየም ነው ብለሻል። ልብሽ የወደደው ደግሞ መዳብ ነው። እነዚህ ሁለቱ አይስማሙም።

ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው ውሃ ሲያገኛቸው እንደ ባትሪ ይሆናሉ። አንደኛው ይጠበቃል፣ ሌላው ይበላል። መዳብና አልሙኒየም ሲገናኙ የሚበላው አልሙኒየሙ ነው። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮም ያው ነው። መንጠቆው ያለበት ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ በቀዳዳው ዙሪያ ነጭ ዱቄት ታያለሽ፣ ከዚያ ቆርቆሮው ይሳሳል፣ ከዚያ ይበሳል።

ትልቁ ምሳሌ ኒው ዮርክ ያለው የነፃነት ሐውልት ነው። በ1886 ሲቆም ቆዳው መዳብ፣ የውስጥ አጥንቱ ብረት ነበር። እንዳይነካኩ በመሐላቸው መለያ ተደርጎ ነበር፣ መለያው ግን በጊዜ ብዛት አለቀ። ብረቱ ተበላ። እስከ 1986 ድረስ በተደረገው እድሳት ያን ሁሉ የብረት ዘንግ አውጥተው በስቴንለስ ስቲል ተኩት። ሐውልት ላይ የደረሰ አሸንዳሽ ላይ የማይደርስበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለሽ። ወይ የአልሙኒየም ሰንሰለት የመዳብ ቀለም የተቀባውን ትወስጃለሽ፣ ከሩቅ አይለይም፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ወይ መዳቡን ትወስጂና መንጠቆውን ከስቴንለስ ታደርጊያለሽ፣ አሸንዳውን በሚነካበት ሁሉ ፕላስቲክ ቱቦ ታለብሺዋለሽ። መዳቡ ራሱ አሸንዳውን የትም ቦታ እንዳይነካ። ዝናብ የሚወርደው ከአሸንዳው ወደ ሰንሰለቱ ስለሆነ ውሃው ራሱ ችግር አያመጣም። ችግር የሚሆነው ከመዳብ ላይ ወደ አልሙኒየም ሲወርድ ነው።

ቀለበት፦
ስለ ቀለሙም አንድ ነገር ልበል። መዳብ ስትገዢው እንደ አዲስ ሳንቲም ያብለጨልጫል። እንደዚያ ሆኖ አይቆይም። በሳምንታት ውስጥ ይጠቁራል፣ ቡና ዓይነት ይሆናል፣ ከዓመታት በኋላ አረንጓዴ ይጥልበታል። የኔ ሦስት ዓመቱ ነው፣ አሁን ጥቁር ቡናማ ሆኖ ኩባያዎቹ ከንፈር ላይ ብቻ አረንጓዴ መስመር ጀምሯል። እኔ ወድጄዋለሁ። ብልጭ እንዳለ ይቆይልኝ ካልሽ ግን መዳብ ያንቺ አይደለም። ከሥሩ ሲሚንቶ ወይም ነጭ ድንጋይ ካለም አረንጓዴ እድፍ ይለቅበታል።

ውርጭ፦
እኔ የምኖረው በረዶ የሚጥልበት ቦታ ነው። ለጠብታ ባይሆንም እንደኔ ያለ ሰው ካነበበው ብዬ ነው። ብርድ ሲበረታ ሰንሰለቱ ላይ የሚወርደው ውሃ እዚያው ይረጋል። ቀን ቀለጥ እያለ ማታ እየረጋ ይወፍራል። ሲያዩት ያምራል፣ እንደ መስታወት ዓምድ ነው። ግን አስሉት። 20 ሳንቲም ውፍረትና 2.6 ሜትር ቁመት ያለው የበረዶ ዓምድ ከ70 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ያ ሁሉ የተንጠለጠለው አሸንዳው ላይ ነው። የኔ አሸንዳ ከነጣውላው ተገንጥሎ ወረደ። እግዚአብሔር ይመስገን ሥሩ ሰው አልነበረም። አሁን ብርዱ ሳይገባ ሰንሰለቱን አውርጄ ቱቦውን እመልሳለሁ። ስለዚህ እንደኔ ዓይነት አየር ያለበት ሰው የድሮ ቱቦውን አይጣል።

ማለዳ፦
ይህን ውይይት በደስታ ነው የተከታተልኩት። ነገሩ የመጣው ከጃፓን ነው፣ ኩሳሪ ዶይ ይሉታል። ኩሳሪ ሰንሰለት ነው፣ ዶይ ደግሞ አሸንዳ። ለረጅም ዘመን በቤተ መቅደሶችና በመኖሪያ ቤቶች ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እኔን የሚገርመኝ የነዚያን ቤቶች ጣሪያ ስታዩት ነው። ጠርዙ ከግድግዳው በጣም ወጣ ያለ ነው፣ ከሥርም ጠጠር የተሞላ ቦይ ወይም ትልቅ የድንጋይ ገንዳ አለ። ጋሼ ባለመሰላሉ ያሉት ሁለቱም ነገር ማለት ነው። እኛ ጋ የመጣው ሰንሰለቱ ብቻ ነው፣ ጣሪያውና ቦዩ እዚያው ቀርተዋል። እርጥብ ግድግዳ ላይ የደረሰውም ለዚህ ይመስለኛል።

እርጥብ ግድግዳ፦
ማለዳ፣ በጣም ልክ ነህ። የኔ ጣሪያ ጠርዝ አንድ ስንዝር ነው የሚወጣው። ያኔ ይኼን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ጠብታ፦
እኔም ወሰንኩ። ባለ ኩባያ፣ አልሙኒየም፣ የመዳብ ቀለም ያለው። ከታች ጉድጓዱና 4 ሜትር ቱቦ፣ መሬቱ ወደ ሣሩ በኩል ዝቅ ስለሚል ተመችቶኛል። ጋሼ፣ አሁን የቀረኝ የላይኛው ነው። ቱቦውን ሳወልቅ የሚቀረው ቀዳዳ 8 ሳንቲም ስፋት አለው። ሰንሰለቱን እዚያ ላይ በምን ልያዘው?

ባለመሰላሉ፦
ቀዳዳው 8 ሳንቲም ከሆነ ሰፊ ነው። በቱቦ ጊዜ ችግር አልነበረውም፣ ምክንያቱም ቱቦው ሁሉንም ይሰበስባል። አሁን ግን ውሃው በቀዳዳው ዳር ዳር እየወረደ ሰንሰለቱን ሳይነካ ያልፋል። ስለዚህ ማጥበቢያ ያስፈልግሻል። እንደ ሾጣጣ መቅጃ ያለ ነገር ነው፣ ከላይ ቀዳዳውን ይሞላል፣ ታቹ 4 ወይም 5 ሳንቲም ይሆናል። አንዳንድ ሰንሰለት ከነማጥበቢያው ነው የሚሸጠው። ከሌለው ከአልሙኒየም ላሜራ በቆርቆሮ መቀስ ቆርጠሽ መሥራት ይቻላል። ዙሪያውን ከማሸግሽ በፊት አሸንዳውን በደንብ አጽጂና አድርቂ፣ ሲሊኮን እርጥብና አቧራ ላይ አይዝም። የቱቦሽ ስፌት ሁለቴ የለቀቀውም በዚህ ይመስለኛል።

መንጠቆው ቀዳዳው ላይ በአግድም የሚያርፍ ዘንግ ይሁን፣ መሐሉ እንደ ቪ የጎበጠ። ሰንሰለቱ ልክ በቀዳዳው እምብርት ይንጠልጠል። ወደ አንድ ወገን ከሄደ ውሃው በሌላው ወገን ይሸሻል።

ከዚያ የአሸንዳውን መያዣዎች እይ። ከቀዳዳው በግራም በቀኝም በ30 ሳንቲም ውስጥ መያዣ ከሌለ ጨምሪ። ቱቦው ከታች ሆኖ አሸንዳውን ይደግፈው ነበር፣ ሰንሰለቱ ግን ይጎትተዋል። የአሸንዳው ማዘንበልም ይታይ፣ በሜትር ከ2 እስከ 5 ሚሊ ወደ ቀዳዳው ይበቃል። በጣም ካዘነበለ ውሃው እየሮጠ መጥቶ ቀዳዳውን ዘሎ ያልፋል።

መሰላል ላይ ስትወጪ ሰው ይያዝልሽ። መሰላሉን አሸንዳው ላይ አታስደግፊ፣ ይጨረመታል፣ ይንሸራተታልም።

ጠብታ፦
ተሰቀለ! ቅዳሜ ቆፈርን፣ እሁድ ሰቀልን። ወንድሜ መሰላሉን ይዞልኝ ነበር ጋሼ፣ እንዳያስቡ።

ዝናብ እስኪመጣ አላስቻለኝም። የጓሮውን የውሃ ጎማ አሸንዳው ላይ ከፈትኩት። ቆንጆ ወረደ፣ አንድ ጠብታ አልረጨም። ግን ጎማው ባልዲ እስኪሞላ ስንት እንደሚፈጅ ስለካው በደቂቃ 15 ሊትር ብቻ ነው የሚሰጠው። ኃይለኛ ዝናብ አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ ወንድሜ ከጎማው ላይ ሁለት ባልዲ ጨምሮ በአንዴ ደፋበት። ያኔ ታየ። ውሃው በአሸንዳው ውስጥ ሮጦ መጣና ማጥበቢያውን ዘሎ ማዶ ያለውን ጫፍ መታ፣ ከዚያ በአሸንዳው ጠርዝ ላይ ፈሰሰ። ምን ላድርግ?

ባለመሰላሉ፦
ጎበዝ ልጅ፣ በባልዲ መፈተንሽ በጣም ጥሩ ነው። ሦስቱን መፍትሔ በቅደም ተከተል ሞክሪ። መጀመሪያ ማጥበቢያው ከአሸንዳው ወለል ከፍ ብሎ እንዳይሆን በእጅሽ ዳብሺው። ከንፈሩ 2 ሚሊ እንኳ ከፍ ካለ ውሃ ይዘለዋል። ዝቅ ካላለ በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርገሽ ምቺው። ካልሆነ የታችኛውን ቀዳዳ ከ4 ወደ 5 ሳንቲም አስፊው። ያም ካልሆነ ከቀዳዳው ማዶ ትንሽ የአልሙኒየም ግርዶሽ አቁሚ፣ የሚሮጠውን ውሃ መልሶ ቀዳዳው ውስጥ ይጥለዋል።

ቀለበት፦
ታቹን አሰርሽው? የኔ መጀመሪያ ሰሞን በንፋስ እየተወዛወዘ ግድግዳውን ይመታ ነበር፣ ሌሊት ሰው በር የሚያንኳኳ ነው የሚመስለው።

ጠብታ፦
ቀለበት፣ አላሰርኩትም ነበር፣ አሁን ግን አስሬዋለሁ። ጉድጓዱ ውስጥ ጠጠሩ ሥር ሲሚንቶ የሞላሁት አሮጌ የቀለም ጣሳ ቀበርኩ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ አንድ የብረት ቀለበት ተክዬበት ነበር፣ የመጨረሻውን ኩባያ በስቴንለስ ሽቦ ከሱ ጋር አያያዝኩት። ግን በጣም አልወጠርኩትም፣ አንድ ጣት የሚያስገባ ልቅነት ተውኩለት፣ አሸንዳውን ወደ ታች እንዳይስበው ብዬ።

ጋሼ፣ እንዳሉት ዳበስኩት፤ ከንፈሩ በአንድ ወገን ከፍ ብሎ ነበር። ሲሊኮኑ ነው ከሥር ያነሳው። ቆርጬ አወጣሁትና እንደገና አሸግሁት። አሁን ሁለት ባልዲውንም ይውጠዋል።

ጓሮዬ፦
ቅጠል የሚረግፍ ዛፍ ካለሽ ቀዳዳው አፍ ላይ የሽቦ ወንፊት አድርጊ፣ እንደ ኳስ የጎበጠውን። ጠፍጣፋውን ወንፊት አንድ ትልቅ ቅጠል ብቻውን ይዘጋዋል። ኩባያዎቹንም አልፎ አልፎ እያቸው፣ ሸረሪት ይገባባቸዋል።

እርጥብ ግድግዳ፦
እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እውነተኛ ዝናብ ሲመጣ ሰንሰለቱን ትተሽ ግድግዳውን እግሩ ሥር እይውና ንገሪን።

ጠብታ፦
ትናንት ከሰዓት መጣ። ዓርባ ደቂቃ ያህል ዘነበ፣ መሐሉ ላይ ያለው አሥር ደቂቃ እውነተኛ ዶፍ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። መጀመሪያ የላይኛው ኩባያ ሞላ፣ ተንቆረቆረ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ እንደዚያ እያለ እስከ ታች ወረደ። ዶፉ ሲመጣ ኩባያዎቹ ሁሉ ሞልተው ውሃው በከንፈራቸው ዙሪያ እንደ መጋረጃ ሆነ፣ አንዳንድ ጠብታም ወጣ ወጣ አለ። የሩቁ የደረሰው ከድንጋዮቹ ግማሽ ሜትር ነው። በሩ ደረቅ ነው።

ወንድሜ እርጥብ ግድግዳ፣ ለጥያቄህ መልሱ ይኸውልህ። ዝናቡ እንዳባራ ግድግዳው ሥር ያለውን አፈር በጣቴ ቆፈር አድርጌ አየሁ። ላዩ ረጥቧል፣ እሱ ከሰማይ የወረደው ነው። ሁለት ሳንቲም ዝቅ ብሎ ደረቅ አፈር ነው። 4 ሜትር ርቆ ያለው የቱቦው አፍ ግን ዝናቡ ካቆመም በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ሲያፈስ ነበር። ይኼ ሁሉ ውሃ የት ሊሄድብኝ ነበር ብዬ ደነገጥኩ።

እርጥብ ግድግዳ፦
ደስ ብሎኛል እህቴ፣ ከልቤ ነው። እኔም ቅዳሜ መቆፈር ልጀምር ነው። ጠርዜ ስለማይፈቅድ ሰንሰለቱን አልመልሰውም፣ ግን የአዲሱን ቱቦ ውሃ እንዳንቺ ራቅ አድርጌ አወጣዋለሁ። ላስቲኩን ስታነጥፊ ግድግዳው ላይ ምን ያህል ከፍ አደረግሽው?

ጠብታ፦
ከመሬት ወለል እኩል ነው ያቆምኩት፣ ከዚያ በላይ ድንጋዮቹ ሸፍነውታል። ጫፉን ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ ጉድጓዱ እጠፈው፣ በስተኋላው ውሃ እንዳይገባ። ጨርቁ ደግሞ ከላስቲኩ በላይ ነው የሚነጠፈው፣ እኔ መጀመሪያ ገልብጬው ነበርና ጠጠሩን ግማሽ ድረስ መልሼ አወጣሁት። አካፋ የሚያግዝህ ሰው ፈልግ። እኔ አሁን ወደ መሰላሉ ልመለስ ነው፣ አራተኛው ኩባያ ትንሽ ጠሞ ውሃውን ወደ ግራ ነው የሚያፈሰው፣ በፒንሳ አቃናዋለሁ።